ሁለት የሚመስል አንድ ሥራ

በጉባኤ ቤት አንድ ሊቅ ማስተማር ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» ይባላል። ከጉባኤ ቤቶቹ ሁሉ ለዛሬው ትምህርታችን የሚቀርበው ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ለብቻው ተከልሎ ሲቆጥር ይውላል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ የተሳሳተበትን ያሳየዋል፣ የራሱንም ቅኔ ይዘርፍለታል። የትናንቱን ዛሬ መድገም የለም። ራሱ የማይቀኝ ሰው የሌሎችን ቅኔ ሺህ ቢሆን በቃሉ ቢይዝ ብዙ የሚያውቅ ይባል ይሆናል እንጂ የቅኔ ወንበር አይዘረጋም።

ይህን ይዘን ወደ ሌላ ወንበር እንሂድ። በዩኒቨርሲቲ የካንሰር ኢሚዩኖሎጂ መምህር የሚባል አለ። ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበት ሥርዓት ከካንሰር ጋር እንዴት እንደሚገጥም፣ መቼ እንደሚያሸንፍ፣ ለምን እንደሚሸነፍ የሚመረምርና ይህንኑ ለተማሪዎች የሚያስተምር ሰው ነው። ቦታው ሲወጣ ማስታወቂያው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ምርምርና ማስተማር። ብዙዎች፣ ከያዙት ሰዎችም መካከል ሳይቀር፣ በአንድ ደመወዝ የሚሠሩ ሁለት ሥራዎች አድርገው ያዩታል። አንዱ ሲበዛ ሌላው ይጎዳል ይላሉ። የዛሬው ትምህርት ግን ሥራው አንድ ነው የሚል ነው። ለምን አንድ እንደሆነ በዝግታ እናየዋለን።

አስቀድሞ «መምህር» ያልነውን ቃል እናጥራ፤ በእንግሊዝኛ ሌክቸረር የሚባለውን ማለታችን ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሌክቸረር ከረዳት ፕሮፌሰር በታች ያለ ማዕረግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘውም ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ነው። በብሪታንያ ሌክቸረር የሚባለው ግን ሦስተኛ ዲግሪውን ጨርሶ፣ ከዚያም በኋላ በሌላ ሰው ቤተ ሙከራ ለዓመታት ተመራማሪ ሆኖ ሠርቶ፣ የራሱን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። አሜሪካኖች ረዳት ፕሮፌሰር ከሚሉት ጋር ይቀራረባል። ቤተ ሙከራ ያቋቁማል፤ የምርምር ገንዘብ ለማግኘት ማመልከቻ ይጽፋል፣ አብዛኛው ውድቅ ይሆንበታል፣ እንደገና ይጽፋል፤ የዶክትሬት ተማሪዎችን ያማክራል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ይፈትናል፣ ያርማል። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህኛው ነው።

ምርምርና ማስተማር አይነጣጠሉም የሚለው አሳብ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ነው፤ በ1810 የተከፈተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በእሱ አሳብ ላይ ቆመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን አንድ ትልቅ ሰው ስላለው ብቻ አሳቡን መቀበል አይገባንም። በራሱ በትምህርቱ ይዘት ላይ እንፈትነው።

ብዙዎቻችን ክንዳችን ላይ ትንሽ ክብ ጠባሳ አለን። የቢሲጂ ክትባት ጠባሳ ነው፤ ሕፃናትን ከከባድ የቲቢ በሽታ ዓይነቶች ለመጠበቅ የሚሰጠው። አሁን ይህን አስቡ፦ ያው በክንዳችን የተወጋው፣ የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ባክቴሪያ በቀጭን ቱቦ ወደ ሽንት ፊኛ ገብቶ ካንሰር ያክማል። በካናዳ ኪንግስተን ከተማ በክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ በ1976 በዘጠኝ ሕሙማን ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። ዛሬ ወደ ፊኛው ጡንቻ ላልዘለቀ ካንሰር የታወቀ ሕክምና ሆኗል። ባክቴሪያው ካንሰሩን በልቶ አያጠፋውም። የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰው መከላከያ ነው ዕጢውን የሚያጠቃው። እኔ ይህን ትምህርት ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ባስጀምር ከመጽሐፍ አልጀምርም፤ እጅጌያችሁን ጠቅልሉ ብዬ ነው የምጀምረው።

እንግዲህ መሠረቱ ላይ ደረስን፦ ሰውነት ካንሰርን ሊያይና ሊያጠቃ ይችላል። ይህ ቃል ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ሰፍሯል። እንዴት እንደሰፈረ ግን ታሪክ አለው፤ የዛሬው ትምህርታችን ሥሩ ያለውም በዚህ ታሪክ ውስጥ ነው።

ጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽ በ1909 ሰውነት በውስጡ የሚነሡትን የተበላሹ ሴሎች ባይጠብቃቸው ኖሮ ካንሰር እጅግ በበዛ ነበር የሚል ግምት አቀረቡ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔትና አሜሪካዊው ሉዊስ ቶማስ አሳቡን አበርትተው መከላከያችን ዘወትር እየዞረ ካንሰርን ይጠብቃል አሉ። ጥሩ አሳብ ነበር። ፈተናው ግን በ1974 መጣ። ኦሲያስ ስቱትማን የተባሉ ተመራማሪ ቲመስ የሚባለው የአካል ክፍል የሌላቸውን፣ ጠጉርም የማያበቅሉ አይጦችን ወሰዱ። ቲመስ የቲ ሴሎች ማደጊያ ስለሆነ እነዚህ አይጦች የመከላከያቸው ዋና ሠራዊት ጎድሎባቸዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ስቱትማን ለእነዚህም ለጤነኞቹም አይጦች ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ወጉ። አሳቡ እውነት ከሆነ ጠባቂ የሌላቸው አይጦች ብዙ ዕጢ ማውጣት ነበረባቸው። አላወጡም፤ ሁለቱም ወገን እኩል ታመሙ።

ከዚያ በኋላ አሳቡ ሞተ ተባለ። ከሃያ ዓመት በላይ በብዙ ክፍሎች እንደ ሞተ ሆኖ ተሰጠ። ዳግላስ ሃናሃንና ሮበርት ዋይንበርግ በ2000 የካንሰርን ዋና ዋና ጠባዮች ስድስት ብለው ቆጥረው በጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ ከመከላከያ ማምለጥ ከስድስቱ ውስጥ አልገባም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሁለት መምህራን ይህን የ1974 ሥራ ያስተምራሉ እንበል። አንዱ መጽሐፉን ብቻ አንብቦ ይገባል፤ «ሰውነት ካንሰርን አይጠብቅም፤ በአይጥ ተፈትኖ ታይቷል» ይላል፤ ተማሪው ይጽፋል፤ ፈተና ላይም ይመልሳል። ሁለተኛው ራሱ አይጥ ያረባ፣ ሴል የቆጠረ፣ ስንት ጊዜ ውጤቱ የተበላሸበት ሰው ነው። እሱ ያንኑ ሥራ እንደ አንድምታ መምህር ይተረጉመዋል። አንድም ሰውነት በእውነት ካንሰርን አይጠብቅም። አንድም አይጦቹ እንደታሰበው መከላከያ አልጎደላቸውም፤ ጥቂት ቲ ሴሎች ነበሯቸው፣ ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ሴሎችም አልጠፉም። አንድም ኬሚካሉ በዚያ የአይጥ ዝርያ ላይ እጅግ በርትቶ ጠባቂ ያለውንም የሌለውንም አንድ ላይ ጣለ። ተማሪውም ሦስቱን ይዞ ይወጣል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ምን ዓይነት አይጥ ማግኘት እንደሚያስፈልግ እያሰበ ይወጣል።

እንዲህ ያለው አይጥ በኋላ ተገኘ። በሴንት ሉዊስ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሽራይበርና ባልደረቦቻቸው በ2001 ያሳተሙት ሥራ ራግ-2 የሚባለው ጂን የጠፋባቸውን አይጦች ተጠቀመ። እነዚህ ቲ ሴልም ቢ ሴልም ጨርሶ የላቸውም። ኬሚካሉ ሲሰጣቸው ከጤነኞቹ ይልቅ ብዙ ዕጢ አወጡ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር ታየ። መከላከያ በሌላቸው አይጦች ላይ ያደጉት ዕጢዎች ወደ ጤነኛ አይጥ ሲዛወሩ ከፊሎቹ ተጠቅተው ጠፉ፤ በጤነኛ አይጥ ላይ ያደጉት ግን ወደ ሌላ ጤነኛ አይጥ ሲዛወሩ ያለ ችግር አደጉ። ትርጉሙ ምንድን ነው? መከላከያው ዕጢውን ማጥቃት ብቻ ሳይሆን ይመርጠዋልም። የሚታዩትን ይገድላል፤ መደበቅ የቻሉት ይተርፋሉ፤ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ካንሰር መደበቅን የተማረው ነው። በ2011 ሃናሃንና ዋይንበርግ ዝርዝራቸውን ሲያድሱ ከመከላከያ ጥፋት ማምለጥን ጨመሩበት።

በእነዚያ ሃያ ዓመታት «ሞቷል» ተብለው የተማሩትን ተማሪዎች አስባቸዋለሁ። የተነገራቸው ውሸት አልነበረም፤ አይጦቹ በእርግጥ እኩል ታመዋል። የጎደላቸው ውጤቱ ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንደሚሸከም የሚያሳይ መምህር ነው። ምርምርና ማስተማር አንድ ሥራ ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። በእንዲህ ያለ የትምህርት ዘርፍ የሚማሩት ነገር እውቀቱ ብቻ አይደለም፤ እውቀቱ የቆመበት ማስረጃ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ መመዘንም ነው። መመዘኑን ደግሞ ሚዛን ይዞ የማያውቅ ሰው አያስተምረውም።

አንድ ምሳሌ ከቤተ ሙከራ ልጨምር። ፍሎ ሳይቶሜትሪ የሚባል መሣሪያ አለ። ሴሎች አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ በላያቸው የተለጠፉት ቀለም ያላቸው አንቲቦዲዎች ሲያበሩ መሣሪያው ይቆጥራቸዋል። በኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ የተዘራበት ሥዕል ነው። «እነዚህ ቲ ሴሎች ናቸው፣ እነዚህ አይደሉም» የሚለውን ለመለየት ተመራማሪው በእጁ መስመር ያሠምራል። መስመሩን ትንሽ ወደ ግራ ቢገፋው ቁጥሩ ይለወጣል። መጽሐፍ ላይ የሚታተመው ሥዕል መስመሩ ከተሠመረ በኋላ ያለው ነው። መስመሩ የት መሆን እንዳለበት ለመወሰን ቀለም ያልተቀባ ናሙና፣ የማነጻጸሪያ ናሙና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐቀኝነት ያስፈልጋል። ይህን ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ማሳየት ሰላሳ ደቂቃ አይፈጅም። ያየ ተማሪ ግን ከዚያ በኋላ ማንኛውንም መቶኛ ሲያነብ «መስመሩን የት አሠመሩት?» ብሎ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ። በዚህኛው ተማሪዎች አሉበት።

ቲ ሴል እንዲነሣ አንድ ምልክት አይበቃውም። ጠላቱን ማየት አለበት፤ በተጨማሪ ሲዲ-28 በሚባል ተቀባይ በኩል «ቀጥል» የሚል ምልክት ማግኘት አለበት። በ1987 ሲቲኤልኤ-4 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ተገኘ፤ ከሲዲ-28 ጋር ስለሚመሳሰል ተመራማሪዎች እሱም ቲ ሴልን የሚያነሣ መሰላቸው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ጄምስ አሊሰን ዘንድ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ማቲው ክረመል ይህን ጥያቄ ያዘ። በ1995 ከመምህሩ ጋር ያሳተመው ሥራ ሁለቱ ተቀባዮች ተቃራኒ መሆናቸውን አሳየ። ሲዲ-28 ነዳጅ ነው፤ ሲቲኤልኤ-4 ፍሬን ነው።

ፍሬን ከሆነ፣ ፍሬኑን ብንለቅስ? አሊሰን ይህን ጠየቁ። በቤተ ሙከራቸው የነበረው ዳና ሊች በ1994 መጨረሻ ዕጢ ለወጡባቸው አይጦች ሲቲኤልኤ-4ን የሚዘጋ አንቲቦዲ ሰጠ፤ ዕጢዎቹ ጠፉ። አሊሰን ውጤቱን አላመኑትም። ሙከራው ወዲያው እንዲደገም ፈለጉ፤ የገና ዕረፍት ደርሶ ስለነበር የትኛው ሳጥን የትኛውን መድኃኒት እንዳገኘ ሳይነገራቸው ዕጢዎቹን በእጃቸው መለካት ጀመሩ። በመጀመሪያ በሁሉም ሳጥኖች ዕጢው አደገ፤ ተስፋ ቆረጡ። ከዚያ በተወሰኑት ሳጥኖች እድገቱ ቆመ፤ ቀስ ብሎም ዕጢው ሟሟ። ሥራው በ1996 ታተመ። በዚያው ዘመን በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ፍሬን ተገኝቶ ነበር፤ በታሱኩ ሆንጆ ቤተ ሙከራ ያሱማሳ ኢሺዳ በ1992 ያገኘው ፒዲ-1። አሊሰንና ሆንጆ በ2018 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን አብረው ተቀበሉ።

«መጀመሪያ አደገ፣ ኋላ ሟሟ» የሚለውን ልብ በሉ። መድኃኒቱ ለሰው ሲሰጥ ሐኪሞች ያንኑ አዩ። የቀድሞው ደንብ የተሠራው ለኬሞቴራፒ ነበር፤ ዕጢው ካደገ ወይም አዲስ ከታየ መድኃኒቱ አልሠራም ይላል። መከላከያን የሚቀሰቅስ ሕክምና ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ዕጢው ውስጥ የገቡት ቲ ሴሎች ራሳቸው ሊያሳብጡት ይችላሉ። ስለዚህ በ2009 ለዚህ ዓይነት ሕክምና የሚሆን አዲስ መለኪያ ቀረበ። በ2010 በ676 የሜላኖማ (አደገኛ የቆዳ ካንሰር) ሕሙማን ላይ የተደረገው ትልቅ ሙከራ ውጤት ታተመ፤ ሲቲኤልኤ-4ን የሚዘጋውን፣ ኢፒሊሙማብ የሚባለውን መድኃኒት ያገኙት መካከለኛ የሕይወት ዘመናቸው 10 ወር ገደማ ሲሆን የማነጻጸሪያው ቡድን 6.4 ወር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች።

ከ6.4 ወደ 10። ተማሪ ይህን ቢያይ «ለዚህ ነው ይህ ሁሉ?» ይላል፤ መብቱ ነው። መምህሩ እዚህ ላይ መካከለኛውን ቁጥር ትቶ በሕይወት የቆዩትን ሕሙማን ብዛት በጊዜ የሚያሳየውን ሥዕል ጅራት ማሳየት አለበት። መስመሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ይሆናል። በኋላ የብዙ ሙከራዎች መረጃ ተሰብስቦ ሲታይ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከሦስት ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል። ከዚህ ሕክምና በፊት ወደ ሌላ አካል የተሰራጨ ሜላኖማ ይህን ያህል ሰው አይተውም ነበር።

ፍሬን የተለቀቀበት መከላከያ የራስን አካልም ያጠቃል። አንጀትን፣ ታይሮይድን፣ ቆዳን፣ አንዳንዴ ጉበትና ሳንባን። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ሲይዘው ተራ የሆድ ሕመም ላይሆን ይችላል፤ ሳይታወቅ ቢቆይ አንጀት ሊበሳ ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ሆስፒታሎች በነርስነት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ይህን የሚያነቡ ካሉ ነገሩን ከእኔ ይልቅ በቅርብ ያውቁታል። ይህን አደጋ ለይቶ ማወቅ የሚጀመረው ክፍል ውስጥ ነው፤ ተመራማሪው የክፍል ትምህርቱን እንደ ግብር ቆጥሮ በችኮላ ቢሰጠው የሚጎዳው ዛሬ ክፍሉ የተቀመጠውን ተማሪ ነገ ሐኪሙ አድርጎ የሚያገኘው ታማሚ ነው።

አሁን ተቃውሞውን እንስማ፤ ሳንሰማው ማለፍ ለትምህርቱ አይበጅም። በ1996 ጆን ሃቲና ኸርበርት ማርሽ 58 ጥናቶችን ሰብስበው አንድ መምህር በምርምር ያለው ብርታት በማስተማር ካለው ብርታት ጋር ይዛመዳል ወይ ብለው መረመሩ። ያገኙት ዝምድና 0.06 ነው፤ የለም ማለት ይቀላል። ታዲያ ሥራው አንድ ነው የሚለው ትምህርት ወደቀ?

አልወደቀም፤ ግን አንድ የተሳሳተ አተረጓጎሙ ወድቋል። የሚመረምር ሁሉ በራሱ ጊዜ ጥሩ መምህር ይሆናል የሚለው ስሕተት ነው። ብዙ ጽሑፍ ያሳተመ፣ ክፍል ግን ጀርባውን ለተማሪ ሰጥቶ ስላይድ የሚያነብ ሰው አይተናል። ሁለቱ ሥራዎች አንድ የሚሆኑት ሰውየው ሲያዋሕዳቸው ነው፤ ቤተ ሙከራ ያየውን ጥርጣሬ ይዞ ክፍል ሲገባ፣ ክፍል የተጠየቀውን ሞኝ የሚመስል ጥያቄ ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ሲመለስ። ዩኒቨርሲቲውም ድርሻ አለው። መምህሩን በታተመ ጽሑፍ ብዛት ብቻ የሚመዝን፣ ለማስተማር ዝግጅት ሰዓት የማይቆጥር ተቋም ራሱ ወንበሩን ለሁለት ሰንጥቆታል። የ0.06ን ትርጉም እኔ እንዲህ ነው የማየው።

ይህ ትምህርት ከእኛ አገር ጋር ያለው ግንኙነት ምንድን ነው? እነዚህ ፍሬን የሚለቁ መድኃኒቶች ውድ ናቸው፤ ኢፒሊሙማብ ሲፈቀድ የአራቱ መርፌ ዋጋ 120,000 ዶላር ነበር። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ታማሚ አይደርስባቸውም፤ ይህ ሊያንገበግበን ይገባል። የካንሰር ኢሚዩኖሎጂ ግን በሌላ በር ገብቶልናል። የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ይመጣል፤ መነሻው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ኢያን ፍሬዘርና ዢያን ዡ በ1991 የዚህን ቫይረስ ቅርፊት ያለ ዘር ውርሱ መሥራት ቻሉ፤ ባዶ ቅርፊት ስለሆነ አያሳምምም፣ መከላከያውን ግን ያስተምራል። ዡ በዚህ ቅርፊት የተሠራው ክትባት በ2006 ሲፈቀድ ለማየት አልታደሉም፤ በ1999 ዐርፈዋል። ኢትዮጵያ በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች።

እንግዲህ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በጅማ ይህን ትምህርት የሚሰጥ ወጣት መምህር ፍሎ ሳይቶሜትሪ ባይኖረው እንኳ የሚመረምረው አያጣም። ልጃገረዶች ክትባቱን ለምን ይቀበላሉ፣ ለምን ይቀራሉ፤ ኤችአይቪ ያለባት ሴት ሰውነት ይህን ቫይረስ ለምን ማስወገድ ይሳነዋል፤ እነዚህ ከዚሁ ትምህርት የሚወለዱ ጥያቄዎች ናቸው። ትንሽም ቢሆን የራስህን ጥያቄ ያዝ፣ ያዢ። ያገኘኸውን ብቻ ሳይሆን ያልሠራልህንም ክፍል ይዘህ ግባ። የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችም ወጣቱን መምህር በሳምንት ክፍለ ጊዜ ብዛት አታድክሙት፤ ለምርምሩ ሰዓት ስጡት፣ ክፍል ያመጣውንም ለውጥ እንደ ጽሑፉ ቁጠሩለት። ተማሪ ደግሞ «ይህ እንዴት ታወቀ?» ብሎ መምህሩን ይጠይቅ፤ ጥያቄው ድፍረት አይደለም።

የሲቲኤልኤ-4ን ፍሬንነት በዶክትሬት ሥራው ያሳየው ያ ተማሪ፣ ማቲው ክረመል፣ ዛሬ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ፕሮፌሰር ናቸው። ቲ ሴሎች ዕጢ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ይመረምራሉ፤ ተማሪዎችም አሏቸው።